ለሁሉም እሺ

ምርጫ ሲቃረብ አሶሳ ውስጥ «ገና አልወሰንኩም» እንደማለት የሚያስከብር ነገር የለም። የወሰነ ሰው ምን ይደረግለታል? የወሰነለት ወገን «የእኛው ነው» ብሎ ይረሳዋል፤ ሌላው ደግሞ «የእነሱ ነው» ብሎ አጠገቡ አይደርስም። ያልወሰነው ግን ሻይ ይጋበዛል፣ ወንበር ይሳብለታል። ዓመቱን ሙሉ በሩቁ እጁን ብቻ ሲያነሳለት የከረመ ሰው ባጃጅ አስቁሞ ይወርድና «ቤተሰብ እንዴት ነው? የልጅቷ ፈተናስ?» ይለዋል። እንዲህ እየተደረገለት ያለ ሰው ለመወሰን ምን ያጣድፈዋል?

እናም አይጣደፍም። ግንባሩን ቋጥሮ፣ አገጩን በመዳፉ ደግፎ ማንጎ ሥር ይቀመጣል። ላለፈ ላገደመው ሁሉ «ነገሩ ከብዶኛል» ይላል። በደንብ የማያውቀው ሰው የፓርቲዎቹን ፕሮግራም ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ የአንዱን የመሬት ፖሊሲ ከሌላው ጋር እያስተያየ የሚጨነቅ ይመስለዋል።

የሠፈራችንን አንድ አዛውንት «ሐጂ፣ ምኑ ነው የከበደዎት?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ሻያቸውን እያማሰሉ ትንሽ አሰቡና ዘረዘሩልኝ። የእህታቸው ልጅ ለአንዱ ፓርቲ ይቀሰቅሳል። የአጥር ጎረቤታቸው ልጅ ለሌላው ይሮጣል። ልጃቸውን ሲድሩ ድንኳን ያዋሳቸው ሰው ደግሞ ይባስ ብሎ ራሱ ዕጩ ሆኗል። «ታዲያ ማንን ላስቀይም?» አሉኝ።

«የቱ ይሻላል?» አላሉም። «ማንን ላስቀይም?» ነው ያሉት። የእኛ ከተማ የምርጫ ጭንቀት ከዚህች ጥያቄ አልፎ መሄዱን እጠራጠራለሁ።

አሶሳ ሰው ከሰው የሚደበቅባት ከተማ አይደለችም። በርታው ከወሎ ሰፋሪው፣ ኦሮሞው ከሺናሻው፣ ማኦው ከአገው ጋር አንድ ገበያ ይገበያያል፤ ለቅሶም አብሮ ይቀመጣል። ሰላምታው በዐረብኛ ይጀመርና ጨዋታው በአማርኛ ይቀጥላል፤ የቤቱ ጉዳይ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ወደ እናቱ ቋንቋ ይመለሳል። በእንዲህ ያለ ከተማ ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ቢያልፍ አቧራውን ትቶ ከመሄድ በቀር የሚፈይደው የለም። እውነተኛው ቅስቀሳ ማታ ነው፤ ጫማውን በር ላይ አውልቆ የሚገባው። የሚመጣውም ዘመድ ነው።

«አጎቴ፣ እንግዲህ እኛ የምንመካው በእርስዎ ነው።»

«ምን ነካህ ልጄ? እኔ እያለሁ!»

«አይ፣ ድምፅዎን ለማስታወስ ያህል ነው እንጂ…»

«ድምፄማ ያንተው ነው። ይልቅ ገንፎው ሳይቀዘቅዝ ብላ።»

ልጁ ገንፎውን በልቶ፣ እሺታውን ይዞ ይሄዳል። በነጋታው የጎረቤት ልጅ ይመጣል። ቃሉ ያው ነው፤ የሚቀየረው ምግቡ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ድንኳን አዋሹ ራሱ ሲመጣ አዛውንቱ ከቤት እስከ አጥር በር ድረስ ይሸኙታል። ድንኳን ትልቅ ውለታ ነዋ።

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይላል ተረቱ። የምርጫ ቦርድ ግን እሺን አይቆጥርም። በአንድ ምርጫ ጣቢያ የሚመዘገበው መራጭ ከ1,500 እንዳይበልጥ ተደርጓል፤ በዚያው ጣቢያ ዙሪያ ቀስቃሾች ሁሉ ለየአለቆቻቸው «በእጃችን ነው» ብለው ሪፖርት ያደረጉት ድምፅ ቢደመር ግን ከሱዳን ድንበር ወዲህ ያለውን ሕዝብ ሳይጨርስ አይቀርም። በቆጠራው ማታ ቀስቃሾቹ የሚያዩት ቁጥርና በቃል የተሰጣቸው ቁጥር አልገናኝ ሲላቸው «ድምፃችን ተሰረቀ» የሚሉት ወደው አይደለም። አንዳንዴ እውነት ተሰርቆ ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ ገንፎ በልተው ነው።

ዘመድ ያልሆነ ዕጩ ሲመጣስ በምን ይመዘናል? በመጀመሪያ «የማን ልጅ ነው?» ይባላል። ይህ እንደተጣራ «ለቅሶ ይደርሳል ወይ?» ይከተላል። እዚህ ላይ የሕዝባችን ትውስታ ያስገርማል። ያለፈውን ምክር ቤት አባል ስም የማያስታውስ ሰው፣ አንድ ዕጩ የዛሬ ስንት ዓመት የማንን ቀብር እንደቀረ፣ የቀረበትን ሰበብ ጨምሮ ይነግርሃል። ክልላችን ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚልከው ዘጠኝ ሰው ነው፤ 547 ወንበር ካለው ምክር ቤት ውስጥ ማለት ነው። እነዚህ ዘጠኝ ሰዎች ተመርጠው የሚሄዱት በመንዲ፣ በነቀምቴ አድርጎ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደሚገኘው አዲስ አበባ ነው። እንግዲህ መራጩ ለቅሶ የማይቀረውን ሰው መርምሮ፣ አጣርቶ፣ ከዕጩዎች ሁሉ ለይቶ ያወጣና ለቅሶ ወደማይደርስበት ቦታ ይልከዋል። ከዚያ ደግሞ አምስት ዓመት ሙሉ «ከተመረጠ ወዲህ ጠፋ» እያለ ያማዋል።

በሰው መምረጥ ያቃተው በምልክት ይሞክራል። በ1997 ነገሩ ቀላል ነበር፤ ንብ ነበረች፣ በሌላ በኩል ደግሞ ወደ ላይ የቆሙ ሁለት ጣቶች ነበሩ። ለንብ ወይም ለጣት መወገን ብዙ ፍልስፍና አይጠይቅም። በ2013 ግን አምፖልና ሚዛን መጡና ሰዉን ለትርጉም ዳረጉት። ገበያ ውስጥ ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ሴት ሚዛኑን መምረጧን ስትናገር ደንበኞቿ ሳቁባት፤ «መጀመሪያ ያንቺን አስተካክይ» ብለው። አምፖሉን ያሉት ደግሞ መብራት በጠፋ ማታ በጨለማ ተቀምጠው ነበር የሚከራከሩት። ያውም የአባይ ግድብ ጉባ ላይ በቆመበት ክልል። «እንግዲህ አምፖሉ አለ፣ የቀረው መብራቱ ነው» አለ አንዱ። ማንም አልተቀየመም፤ በጨለማ ስለሆነ የማን ድምፅ እንደሆነም አልታወቀም። ሙሉ ነፃነት ማለት ይኸው ነው።

ቀልዱ እንዳለ ሆኖ፣ በዚህ ክልል ምርጫ ከምልክትና ከገንፎ በላይ ያነጋገረበት ጊዜ አለ። በ1992ቱ ምርጫ አንዳንድ ዕጩዎች የክልሉን ነባር ብሔረሰቦች ቋንቋ አያውቁም ተብለው ከውድድር ወጡ። በጊዜው የነበረው የምርጫ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 111/1987፣ ዕጩ የሚወዳደርበትን ክልል ወይም አካባቢ ቋንቋ ማወቅ አለበት ይል ነበር። ከነባሮቹ ወገን ያልሆኑት፣ ግን እዚሁ ኖረው እዚሁ የወለዱት ሰዎች አቤት አሉ። አቤቱታው በሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ በኩል አልፎ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደረሰ። ምክር ቤቱም በ1995 ወሰነ፤ የሕጉ አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይጋጭም፣ ነገር ግን ከዕጩው የሚጠበቀው የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ ነው፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው፣ ስለዚህ ዕጩዎቹ መከልከል አልነበረባቸውም ተባለ። መልካም ፍርድ ነው። የመጣው ግን ምርጫው ካለፈ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው፤ የተመረጡት ወንበሩን አሙቀውት ነበር።

የተከለከሉት ዕጩዎች ቁጣ ይገባኛል። የሚገርመኝ የመራጩ ነው። በአሶሳ ዙሪያ በ1970ዎቹ ከወሎና ከሌላውም አካባቢ የመጡ ሰፋሪዎች የሚኖሩባቸው፣ አምባ፣ ሰልጋ፣ መገሌ እየተባሉ በቁጥር የሚጠሩ መንደሮች አሉ። ስንተኛው አምባ እንደሆነ ካልተናገርክ ቤትህ አይገኝም። ለቆጠራ ከዚህ የተመቸ ሕዝብ ከየት ይመጣል? ታዲያ ያኔ ከነዚህ መንደሮች የአንዱ ሰው የነበሩ ሽማግሌን «ዕጩያችሁ ሲሰረዝ ምን አላችሁ?» ብላቸው «አዝነናል» ካሉኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግን ሁለቱም ወገን ዘመድ ነበሩ፤ አንዱ ሲቀነስ ቀለል አለን» አሉኝ። ሕገ መንግሥታዊ ክርክሩን እንዲህ ባጭሩ የቋጨው የለም።

ከይሉኝታ ቀጥሎ የሚመጣው ብልጠት ነው። ቀኑ እየቀረበ ሲሄድ «ማንን ላስቀይም?» የሚለው «ማን ያሸንፋል?» በሚለው ይተካል። ምክንያቱ «ድምፄ እንዳይባክን» ነው። ወረቀቱን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ውርርድ ቲኬት አድርጎ ነው የሚያየው፤ ያሸነፈውን የገመተ ሰው ማታ ገንዘብ ሊቀበል የሚሰለፍ ይመስለዋል። ያሸነፈው ያለ እሱ ድምፅም ያሸንፍ እንደነበር፣ የተሸነፈውም በእሱ አንድ ድምፅ እንደማይድን ቢነግሩት አይሰማም።

ለመገመትስ ቢሆን ምን ያስጨንቃል? በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ ወንበር 545ቱን ወሰዱ። የቀሩትን ሁለቱን ያገኙት አንድ የመድረክ ተወዳዳሪና አንድ የግል ዕጩ ነበሩ። በ2007 እነዚያም ሁለቱ ሳይቀሩ 547ቱም ተጠቀለሉ። በ2013 ብልጽግና ውጤታቸው መጀመሪያ ከተገለጸው 436 ወንበሮች 410ሩን አገኘ። እንዲህ ባለ አገር አሸናፊውን ለማወቅ ኮከብ ቆጣሪ አያሻም። የእኛ ሰው ግን ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል፤ ጠዋት ተነስቶ አገር ሁሉ የገመተውን ይገምታል፤ ውጤቱ ሲነገር «አላልኳችሁም!» ብሎ ጉልበቱን ይመታል። በ1997 ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 ወንበሮች በሙሉ ጠራርጎ ሲወስድ ብቻ ነው ገማቾቻችን ለትንሽ ጊዜ ዝም ያሉት። ያም ቢሆን ከሳምንት በኋላ «እኔማ አውቄ ነበር» የማይል አልተገኘም።

ለእኛ ክልል ሰው ደግሞ ግምቱ ሌላ ጣጣ ነበረው። የክልሉ ገዢ ፓርቲ በ2012 ብልጽግና እስኪመሠረት ድረስ የኢሕአዴግ አባል አልነበረም፤ «አጋር» ነበር የሚባለው። አሸናፊውን በትክክል ገምተን፣ ለአሸናፊው መርጠን፣ አሸናፊው አሸንፎ፣ ትልቁ ውሳኔ የሚወሰንበት የግንባሩ ሥራ አስፈፃሚ ሲሰበሰብ ግን የእኛ አሸናፊ ውጭ ነበር። እሱም በተራው ለሁሉም እሺ ይል ነበር።

በሕጉ መሠረት ቅስቀሳ ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን አራት ቀን ቀድሞ ይቆማል። የጥሞና ጊዜ ይሉታል። መራጩ ከጩኸት ተለይቶ ከራሱ ጋር እንዲመክር ታስቦ ነው። ያሰበው ሰው አሶሳ አልኖረም። ሬዲዮው ዝም ሲል፣ ድምፅ ማጉያው ሲወርድ፣ ጎረቤት ለጎረቤት የሚናገርበት ሰፊ ጊዜ ይገኛል። ሰኔ ነው፤ ዝናቡ ጀምሯል፣ ማንጎው መሬት ላይ ወድቋል፣ ሰው ቆርቆሮ ሥር ተጠልሎ ቆሟል። ተጠልሎ የቆመ ሰው ደግሞ ምን ያወራል? ቀስቃሹ ሕግ አክብሮ ስለ ምርጫ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ «እንዲያው ለሰላምታ ነው» ብሎ ይመጣና ሲወጣ ዓይንህን ትክ ብሎ አይቶ እጅህን ትንሽ ጠበቅ ያደርጋል። ከሦስት ወር ቅስቀሳ ይህች እጅ ይበልጥ ታስጨንቃለች።

ባልና ሚስት መካከል ያለውማ ብቻውን መጽሐፍ ይወጣዋል። አንድ ወዳጄ ሚስቱ ማንን እንደምትመርጥ ለማወቅ ያልሞከረው ነገር አልነበረም። በቀጥታ ጠየቃት።

«ድምፅ ምስጢር ነው ተብሏል» አለችው።

«ከባልሽ?»

«ከባል በስተቀር የሚል አልተጻፈበትም።»

ሰውየው እስከ ዛሬ አላወቀም። የሚያስቀው ግን እሱ ራሱ በዚያን ጊዜ ገና አልወሰነም ነበር። ጥያቄው መቆጣጠር መስሎን ነበር፤ ኋላ እንደገባን ሊቀዳ ነው።

የ2013ቱ ምርጫ ድምፅ የተሰጠው ሰኞ፣ ሰኔ 14 ቀን ነበር። ጣቢያዎች የሚከፈቱት ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲሆን ሰው ግን ከዚያ በፊት ተሰልፏል። በተለይ እናቶች። ነጠላ የለበሰችው፣ ቶብ የተጠቀለለችው፣ ሕፃን ያዘለችው ቆማለች። ሴቶቹ ገቡ፣ ምልክት አደረጉ፣ አጠፉ፣ ሳጥኑ ውስጥ ጨመሩ፣ ወጡ። ጉዳያቸውን የጨረሱት እቤት ነው። ሰልፉ የሚቆመው ወንዶቹ ሲገቡ ነው።

ከድምፅ መስጫው መከለያ በታች የሚታየው የመራጩ እግር ብቻ ነው፤ ግን እግር ብዙ ይናገራል። አንድ ትልቅ ሰው ገብተው ቀሩ። የግራ ጫማቸው በቀኙ ላይ ወጣ። ወረደ። ተረከዛቸው ተነሳ፣ ወደ ፊት ዘንበል ያሉ መሰለን፤ ከዚያ መልሶ መሬት ነካ። እስክሪብቶው ወድቆ በመከለያው ሥር ተንከባለለና አንዲት እጅ ወርዳ እየዳበሰች ወሰደችው። ከሰልፉ አንዱ «አባ፣ ተኙ እንዴ?» አለ። «ዝም በል፣ ሁለት ወረቀት ነው!» ብለው መለሱ ከውስጥ። ጣቢያው በሙሉ ሳቀ፤ አስፈጻሚዋም አፏን ሸፈነች።

እውነታቸውን ነው፤ ሁለት ወረቀት ነው። አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ አንድ ምልክት ብቻ ይደረግበታል። ሌላው ለክልሉ ምክር ቤት ነው። የክልሉ ምክር ቤት መቀመጫ ብዙ ስለሆነ በዚህኛው ወረቀት ላይ ከአንድ በላይ ዕጩ መምረጥ ይቻላል፤ ምን ያህል እንደሆነ ጣቢያው ላይ ይነገራል። ለይሉኝታ ሰው ከዚህ የበለጠ ድግስ የለም። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለውን ተረት የምርጫ ቦርድ ራሱ አትሞ ያደለው ይመስላል። አንዷን ለእህት ልጅ፣ አንዷን ለጎረቤት፣ አንዷን ለድንኳኑ። ችግሩ ውለታ ከተፈቀደው ቁጥር ይበልጣል።

ማታ በቆጠራው ላይ የነበረ የአንድ ፓርቲ ወኪል ያጫወተኝ አለ። ወረቀት እየተዘረጋ ሲቆጠር አንዷ ወጣች። ሌሎቹ ላይ ምልክቱ ተንጋዶ፣ ከሳጥኑ ወጥቶ፣ አንዳንዱም ላይ የአውራ ጣት አሻራ ተንሸራቶ ነበር። ይህቺኛዋ ላይ ግን የኤክስ ምልክቶቹ በማስመሪያ የተሠመሩ ያህል እኩል ነበሩ። አንዱም ከሳጥኑ አልወጣም፤ አንዱም ከሌላው አልደመቀም። በሁሉም ዕጩ አንጻር አንዳንድ። ማንም አልተቀየመም፣ ማንም አልተረሳም። አስፈጻሚው ወረቀቷን ከፍ አድርጎ አሳየና «ዋጋ አልባ» ብሎ ለብቻ አስቀመጣት። «ሁላችንም ወኪሎች ዝም ብለን አየናት» አለኝ። «እያንዳንዳችን በልባችን 'ይቺ የእኔ ነበረች' ነው ያልነው።» እውነትም የሁሉም ነበረች።

ሌላው ዓለም ለማይወስን ሰው የየራሱን መላ አበጅቷል። ህንድ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በድምፅ መስጫው ላይ «ከእነዚህ ማንንም አልመርጥም» የሚል መስመር ጨምራለች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው ያዘዘው። አውስትራሊያ ውስጥ ደግሞ አለመምረጥ ያስቀጣል፤ ስለዚህ ግራ የገባው መራጭ ገብቶ ዕጩዎቹን ከላይ ወደ ታች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቁጥር ሰጥቶ ይወጣል። ይህን «የአህያ ድምፅ» ይሉታል። አሶሳ ገበያ ውሃና እህል ስትሸከም የምትውለው አህያ ብትሰማ ቅር የሚላት ይመስለኛል፤ እሷ ቢያንስ ወዴት እንደምትሄድ ታውቃለች። የህንዱን መስመር እዚህ ብናመጣውስ? አንድም ሰው አይነካውም። ማንንም አልመርጥም ማለት ሁሉንም ባንድ ጊዜ ማስቀየም ነው፤ የእህት ልጅም፣ ጎረቤትም፣ ድንኳን አዋሽም ባንድ እስክሪብቶ። ለእኛ የሚሆነን «ሁሉንም» የሚል መስመር ነው። ቦርዱ ያንን ቢጨምርልን ተሳትፎው መቶ በመቶ፣ ውጤቱም በስምምነት ይሆናል።

ያን ሰኞ ድምፅ የሰጠው ግን ክልሉ በሙሉ አልነበረም። በመተከልና በካማሺ በጸጥታው ችግር የተነሳ ምርጫው አልተካሄደም። እዚያ የቀረው ምርጫ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሎ፣ ሰው ሞቶ ነበር። «ማንን ላስቀይም?» የሚለው ጥያቄ የሚጠየቀው ጎረቤት ሲኖር ነው። እኛ አሶሳዎች ጣታችን ላይ ያለውን ቀለም እያየን፣ የማን ይበልጥ እንደጠቆረ እያነጻጸርን በሳቅ ስንፈነዳ፣ እዚያው ክልል ውስጥ ያለን ሰው የሚያስጨንቀው ወደ ቤቱ መመለስ ነበር። የቀረው ድምፅ የተሰጠው ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው፤ እሁድ፣ ሰኔ 16 ቀን 2016። የአምስት ዓመቱ ዘመን ከግማሽ በላይ አልፎ ማለት ነው። በዚያ ሰሞን አሶሳ ያለ ዘመድ ሁሉ ስልክ እየደወለ መተከል ላለ ዘመዱ ማንን እንደሚመርጥ ሲመክር ሰምቻለሁ። የራሱን ጊዜ ማንጎ ሥር በመጨነቅ የጨረሰ ሰው ለሌላው ሲመክር እንዴት ፈጣን ነው! አንዱ እንዲህ ሲመክር ከወዲያ ያለው ዘመዱ በመጨረሻ የመለሰለትን ከስልኩ ውጭ ድረስ ሰማነው። «እሺ» አለው።

ሰላማዊ ጊዜ ሲሆን እኮ ይሉኝታም የሰላም ምልክት ነው የሚሉ አሉ። ሳይጣላ፣ ሳይሰዳደብ፣ ለሁሉም እሺ ብሎ የሚኖር ሕዝብ ምን ጎደለው? ይላሉ። አልቀበለውም። እሺ ያልነው ዕጩ መንገዱን ሳይሠራው፣ ውሃውን ሳያስገባው ሲቀር ልንጠይቀው አንችልም፤ ምክንያቱም ስንቱ እሺ እውነተኛ እንደነበረ እሱም አያውቅም፣ እኛም አናውቅም። ዕጩውም ይህን ስለሚያውቅ በተራው ለሁሉም እሺ ይላል። ለአምባው መንገድ እሺ፣ ለባምባሲው ትምህርት ቤት እሺ፣ ለኩርሙኩ ጤና ጣቢያ እሺ። ከዚያ ለሁሉም ያው ይሆናል፤ ልክ እንደ ወረቀቷ ለብቻው ተቀምጦ ይቀራል።

ስለዚህ ለፓርቲዎች በሙሉ፣ ገዢም ተቃዋሚም ሳትሉ፣ አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ምርጫ ዘመድ አትላኩብን። የእህታችንን ልጅ፣ የጎረቤታችንን ልጅ፣ በተለይም ድንኳን ያዋሰንን ሰው ተዉልን። በደጃችን አልፎ የማያውቅ፣ ለቅሶ ያልደረሰልን፣ ሰርግ ያልበላንበት፣ ስሙን የማናውቀው ሰው ላኩልን። ያንን ሰው ቁጭ አድርገን የውሃውን ነገር እንጠይቀዋለን፣ የመብራቱን እንጠይቀዋለን፣ ካልተስማማንም «አይሆንም» እንለዋለን። ገንፎም አናቀርብለት።